የሚተነፍሰው ክምር

«የት ነው ይሄ?» አለች ትሕትና፣ የእርሳሷን ጫፍ ከወረቀቱ ላይ ሳታነሳ።

ወርቅአየሁ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ጣቶቹን ያያል። ከሰል አክሳይ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢታጠብ ከጥፍሮቹ ሥር ጥቁረቱ አይለቅም።

«‹አንድ ጫካ› ነው የሚለው። የትኛው ጫካ?»

«ጫካ ነዋ! ስሙ ምን ይሠራል? ታሪኩ እንደሆን የሌለ ነገር ነው።»

«የሌለ ነገር ስለሆነ ነው የምጠይቅህ።» ድምጿ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው፤ ማሽኑ ሲሠራ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማት። «ከመቶ ዓመት በኋላ የሚኖር ሰው ከዘመኑ ሸሽቶ ወደ እኛ መጣ ብለኸኛል። እሺ፣ ልመንህ። ግን የቆመበትን መሬት አሳየኝ። ሰውየውን ፍጠረው፤ መሬቱን ካለው አምጣው።»

«ቦታው ቢቀርስ?»

«ታሪኩም ይቀራላ።»

ይህን ያለችው ፈገግ ብላ ነው። እሱ ግን አልሳቀም።

ትሕትና የምትሠራው እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ነው። የሰው ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ «ጉሙ»ን ታዘጋጃለች። «ጉሙ»ን መጽሔት የምትላት እሷ ናት እንጂ በስቴፕለር የተያዘች የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ናት። የሚወጣባት ታሪክ ሁሉ በዚህ ዓለም ያልሆነ ነው፦ ዘንገና ሐይቅ አንድ ማለዳ ከተኛበት ተነስቶ ወደ ጥሊሊ ስለሄደበት ቀን፣ ሰው ጥላውን ስለሚያከራይበት ገበያ፣ ሙታን ብቻ ኔትወርክ ስለሚያገኙበት ኮረብታ። በፊት ቴሌግራም ላይ ነበረች። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ወደ ወረቀት ወረደች። የሚኒባስ ረዳቶች ወደ ዳንግላ፣ ወደ ጥሊሊና ወደ አዲስ ቅዳም ይዘዋት ይሄዳሉ፤ እዚያም ጠርዟ እስኪበላ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች።

ትሕትና በግጥም ነበር የጀመረችው። የአባቷ ጉባኤ ሰዎች ግጥም እንደምትጽፍ ሲያውቁ እሁድ እሁድ መድረክ ላይ ይጠሯት ጀመር፤ በተጠራች ቁጥር የምትገባበት ይጠፋት ነበር። ልብወለድሽን ውጪና አንብቢ የሚል ስለሌለ ወደ ልብወለድ ሸሸች። ከመጻፍም ደግሞ ማረም ይቀላታል። ሰው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብታ የላላውን ስታጠብቅ ማንም አያያትም።

«ለመሆኑ እነዚህ ጸሐፊዎች የታሉ?» ይላል የሱቁ ባለቤት ዮናዳብ፣ ደንበኛ ባለበት ጮክ ብሎ። «ይቺ ልጅ በአሥር ስም የምትጽፈው ራሷ ናት። አንባቢዋም ራሷ። አንድ ቀን ራሷን ቃለ መጠይቅ ስታደርግ እይዛታለሁ!»

ደንበኛው ይስቃል። ትሕትና አቀርቅራ ትተይባለች።

ጸሐፊዎች ግን ነበሯት። የሚጽፉት በብዕር ስም ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከማረም ብዛት የተማረችው አንድ ነገር አለ፦ ጀማሪ ጸሐፊ የራሱን ጉድ ሲጽፍ ሁሉንም እንዳለ ይተውና አንድ ነገር ብቻ ይገለብጣል። አባቷ የሚመታት ልጅ አባቷን አክስት ታደርገዋለች፤ ቤቱ፣ ቀበቶው፣ የበሩ ሲጥታ እንዳለ ይቀራል። ትሕትና እንዲህ ያለውን ስታይ ዝም ትላለች። የተገለበጠውን ማቃናት የአራሚ ሥራ አይደለም።

የወርቅአየሁ የብዕር ስም «አመዴ» ነው። ከአዲስ ቅዳም በላይ ካለች የገጠር መንደር ከሰል በሚጭኑ መኪናዎች ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ቤታቸው የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነው የሚያነሳው። ይህን ትወድለታለች። ስለ ቤተሰቡ ብዙ አያወራም። ታላቅ ወንድሙን ሽመክትን የታጠቁ ሰዎች «ተነስ፣ ታጠቅ» ብለውት እምቢ ብሎ መተማ እንደገባ፣ ከዚያ ወዲህም ድምፁ እንደጠፋ አንድ ጊዜ ነግሯታል። ለሌላም ሰው የሚናገረው ይህንኑ ነበር።

«የሚተነፍሰው ክምር» ያለው ታሪክ አጭር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ወጣት ሁሉ የሚታደንበት ዘመን ይመጣል። አንዱ ከዚያ ዘመን ያመልጥና አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ከሰል የሚከሰለው እንጨቱ ተደርድሮ፣ ሣር ለብሶ፣ በላዩ አፈር ለብሶ ሲለኮስ ነው። ሴትየዋ ግን ክምሩን ከላይ ሌላውን አስመስላ ትሠራና፣ ሥሩን ቆፍራ ሰውየውን ታስተኛበታለች። እሳት አትለኩስበትም። አየር እንዲያገኝ ባዶ ቀርቀሃ ሰክታለታለች።

«ጠዋት ጠዋት ጤዛ የሚቋጠረው ሣሩ ላይ ሳይሆን የቀርቀሃው አፍ ላይ ነው፤ አፈሩ ይተነፍሳል።»

ትሕትና እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ከጎኑ በእርሳስ «ይህን ያላየ ሰው አይጽፈውም!» ብላ ጻፈች።

ወርቅአየሁ አነበበውና «ይጥፋ እንዴ?» አለ።

«ከነካኸው አላወጣውም።»

ከራሷም አንድ ነገር ጨመረችለት። ሰውየው ባዶ እጁን መምጣቱ አላማራትም፤ ከዘመኑ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ አለችው። «ምን ይያዝ?» ሲላት «እኔ እንጃ፣ ብረት ይሁን። ሲነኩት የሚሞቅ፣ ስሙ የማይታወቅ ብረት» አለች።

በሚቀጥለው ገበያ አስተካክሎ አመጣው። የመንደሩ ስም ተጽፏል። ከመንደሩ በላይ ምንጩ፣ ከምንጩ በላይ መብረቅ የሰነጠቀው ኮሶ፣ ከኮሶው አልፎ ለከሰል በሚተከሉት የዲከረንስ ዛፎች መሐል የሚወርደው ጅረት፣ ከጅረቱ ወዲህ ክምሩ። ሰውየውም ብረቱን አቅፎ ይተኛል። ትሕትና በደስታ መጀመሪያ ገጽ ላይ አወጣችው።

ሰዎቹ የመጡት አንድ ረፋድ ላይ ነው።

ሁለት ነበሩ። አንደኛው በሩ ላይ ቀረ። መነጽር ያደረገው ገባና አንድ «ጉሙ» ባንኮኒው ላይ አኖረ። ሁለቱም እንደማንኛውም ከተሜ ለብሰዋል።

«ይቺ የምትዘጋጀው እዚህ ነው?»

«ልክ ነዎት ጌታው» አለ ዮናዳብ። «ኮፒ ላብዛልዎ? ለእርስዎ እንኳ እቀንሳለሁ።»

ሰውየው ዞር ብሎም አላየው። ትሕትና ላይ ዓይኑን ተከለ። «አመዴ ማን ነው?»

ጥራዟ የተገለጠችው «የሚተነፍሰው ክምር» ላይ ነበር። በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ ምንጩ ሥር፣ ኮሶው ሥር፣ ጅረቱ ሥር። «ብረት» የሚለው ቃል ሥር መስመሩ ድርብ ነው። ትሕትና የምታርምበትን ዓይነት እርሳስ አወቀችው። ለሥዕል ተማሪ የሚገዛው ለስላሳው ነው።

«ልብወለድ ነው» አለች።

«ምን አልሽ እህቴ?» ጎንበስ አለላት፣ ልክ ሌላው ደንበኛ እንደሚያደርገው።

«ልብወለድ ነው ጋሼ። የሌለ ታሪክ ነው።»

«እሱንማ አየሁ። ደግሞ ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ መጨረሻው ትንሽ ቸኮለ እንጂ።» ጣቱን ቀርቀሃው ላይ አሳረፈ። «ግን ይሄን ያላየ ሰው አይጽፈውም።»

የገዛ ቃሏን ከሱ አፍ ስትሰማ ወንበሩን ያዘች።

«ሰው ብረት ቀብሯል» አለ ሰውየው፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «እኛ የምንፈልገው ብረቱን ነው። አመዴ ማን ነው?»

ብረቱ የእሷ ነበር። እዚሁ ባንኮኒ ላይ፣ እርሳስ እያንከባለለች የፈጠረችው። ይህን ብታስረዳ «እንግዲያው የቀረውን የጻፈው ማነው?» ይላታል። ወርቅአየሁ በእነዚህ ሰዎች መሐል ቆሞ፣ ጥፍሮቹን እያየ ታያት። እሱ መዋሸት አይችልም፤ አማርኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ እንኳ አይደለም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሰውየው እጆቿን አየ። ነጭ፣ የወረቀት አቧራ የነካቸው፣ ቀጫጭን እጆች። እንዳላመናት ገባት። ያኔ ዮናዳብ ሳቀ፤ ያ የተለመደው ሳቁ ነው፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ከቆመው ሰው አይነሳም።

«እሷ ናት እንጂ ጌታው! ስንቴ ነገርኳት፣ በአሥር ስም አትጻፊ፣ ሰው ያሳስታል ብዬ። አመዴም እሷ፣ ሌላውም እሷ። ሰፈሩን ሁሉ ይጠይቁ!»

«እንዲያ ከሆነ ቦታውን ታውቂዋለሽ ማለት ነው» አለ ሰውየው። «ታሳይናለሽ። ስልክሽን ለእኔ ስጪኝ፣ መንገድ ላይ እንዳይጠፋብሽ።»

የመጡበት መኪና ነጭ ፒክአፕ ነበር። መሐል አስቀመጧት። አዲስ ቅዳምን ሲያልፉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረውን የከሰል ጆንያ፣ በጆንያው ጥላ የተቀመጡትን ሻጮች አየች። ሻጮቹ መኪናውን አይተው ቶሎ ሌላ ቦታ አዩ። ከአስፋልቱ ተገንጥለው ጥቂት እንደሄዱ መሣሪያ የያዙ ሌሎች ሰዎች ከዛፎቹ መሐል ወጥተው ከኋላ ተጫኑ። የማን ሰዎች እንደሆኑ አልተናገሩም። ትሕትናም አልጠየቀችም፤ የጠየቀ ሰው ወገን መርጧል ይባላል።

መንደሩ ጋ ወረዱ። «ምሪን» አለ ባለ መነጽሩ።

ትሕትና እዚያ እግሯ ደርሶ አያውቅም። በእጇ ያለው አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም በቃሏ። ምንጩ አይኑር ብላ ጸለየች። ወርቅአየሁ ከራሱ ፈጥሮት ይሁን፤ ሰነፍ ጸሐፊ ይሁን፤ ዋሽቶኝ ይሁን። ምንጩ ነበረ። እንደተጻፈው ከሁለት ድንጋዮች መሐል ይፈልቃል። ኮሶው አይኑር አለች። ኮሶው ከዳገቱ አናት ላይ፣ አንዱ ጎኑ ጠቁሮ፣ አንዱ ጎኑ ለምልሞ ብቅ አለ። ከጸሐፊዎቿ ሁሉ ስትለምነው የኖረችው እንዲህ ያለ እውነት ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ እውነት ሰዎቹን አንድ እርምጃ ያስጠጋቸዋል።

ባለ መነጽሩ ገጹን እያየ ከጎኗ ይራመዳል። «ትክክለኛ ነሽ» አላት፤ ሲያሞግሳት ከልቡ ነበር። «አሁን ጅረቱ።»

ጅረቱ ሰው ዘሎ የሚሻገረው ነው። ከጅረቱ ወዲህ፣ ከተቆረጡ የዲከረንስ ጉቶዎች መሐል፣ ትልቅ የከሰል ክምር ቀስ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል።

«ይኸው!» አለ አንዱ ታጣቂ።

«ቆዩ፣ ይሄኛው የሚነድ ነው» አለች ትሕትና፤ ማንም አልሰማትም። አጠገቡ የተጋደመውን ዶማና አካፋ አንስተው አፈሩን መናድ ጀመሩ። ከሰል ሲከስል አየር ካገኘ እሳት ይሆናል። የመጀመሪያው ቀዳዳ እንደተከፈተ ውስጡ ቀላ፤ በሁለተኛው ነበልባሉ ወጣ። ታጣቂዎቹ እየተሳደቡ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ደግሞ በሌላ ጎን መናድ ቀጠሉ።

ትሕትና ከሙቀቱ ፊቷን አዞረች። ያኔ ነው ከጅረቱ ማዶ ያለውን ያየችው።

ሌላ ክምር ነበር። አነስ ያለ፣ ሣሩ አዲስ፣ ጭስ የሌለው። ከጎኑ አንድ ቀርቀሃ ወጥቷል። ፀሐይ ጤዛውን ሁሉ ከበላችው ቆይታለች፤ የቀርቀሃው አፍ ግን ዙሪያውን እርጥብ ነበር።

ወርቅአየሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የገለበጠው። ማዶውን ወዲህ አደረገው። የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው፤ እናትየዋ፣ ቀርቀሃው፣ የሚታደነው ልጅ። ሽመክት መተማ አልሄደም። ለማንም ሊነግር ያልቻለውን ነገር መቶ ዓመት አርቆ ለእሷ አመጣላት፤ እሷ ደግሞ የመንደሩን ስም አስጻፈችው።

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ዓይኗ ከዚያ ከተነሳ ሰውየው ተከትሎ እንደሚያይ አወቀች፤ እሱ ሰው የሚያይበትን የሚያነብ ሰው ነው።

«ኧረ ልጆቼ! ኧረ ምን በደልኳችሁ!»

አንዲት ጎልማሳ ሴት አገልግል በገመድ አንጠልጥላ ከዳገቱ ሥር እየሮጠች መጣች። ክምሩን ስታይ አገልግሉን ጥላ ራሷን ያዘች።

«የእርስዎ ነው?» አለ ባለ መነጽሩ።

«የእኔ ነው እንጂ የማን ሊሆን! የዓመት ጉሮሮዬ ነው! ምን አገኛችሁበት?»

«ብረት እንፈልጋለን።»

«የምን ብረት? መጥረቢያ ነው? መጥረቢያማ ያው ጉቶው ላይ! ውሰዱት፣ ከሰሌን ተዉልኝ!»

አንዱ ታጣቂ ሳቅ አመለጠው። ባለ መነጽሩ አልሳቀም። «እማማ ዘውድነሽ ነዎት አይደል? የዚያ ፈሪ ልጅ፣ የሽመክት እናት?»

ሴትየዋ እጆቿን ከራሷ ላይ አወረደች። «ነኝ።»

«አልተመለሰም?»

«መተማ የገባ ሰው መቼ ተመልሶ ያውቃል? አይደውል፣ አይልክ። ሞቷልም ቢሉኝ ላልቅስበት፤ እሱንም የሚነግረኝ አጣሁ።»

«ምሳው ለማን ነው?»

ነበልባሉ ይንጣጣል።

«ለጫኞች ነበር» አለች ዘውድነሽ። «ከሰሉን አነደዳችሁት፤ ከእንግዲህ ምን የሚጫን አለና? እንካችሁ፣ እናንተው ብሉት!» አገልግሉን አንስታ ከፍታ ለቅርቡ ታጣቂ ዘረጋችለት። የገብስ እንጀራና ድንች ወጥ ነበር። ታጣቂዎቹ ተያዩና ቆመው መጉረስ ጀመሩ። ለሁለት ጉርሻ ያህል ደርሷቸው አለቀ።

ባለ መነጽሩ ባዶውን አገልግል አየ። «ጫኞችዎ ጥቂት ይበላሉ።»

«ድሆች ናቸው ልጄ። ለምደውታል።»

እንደገና አፉን ሊከፍት ሲል ነፋሱ ዞረ። ከተናደው ክምር የሚወጣው ወፍራም ቢጫ ጭስ ተጋድሞ ጅረቱን ተሻገረ፤ ትንሹን ክምር ሸፈነው። ከማዶ፣ ከመሬት ሥር፣ የታፈነ ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ።

ዘውድነሽ ጮኸች። «ወየው ጉዴ! ወየው ከሰሌ!» ደረቷን እየመታች፣ የሞተ ሰው እንደሚለቀስለት ለክምሩ ሙሾ ታወርድለት ጀመር፤ ዛፉን እንዴት እንዳሳደገችው፣ እንዴት እንደቆረጠችው፣ በማን ትከሻ እንደተሸከመችው።

ባለ መነጽሩ እጁን አነሳ። «ዝም በሉ! እማማ፣ ዝም ይበሉ!»

አንዱ ታጣቂ ክንዷን ይዞ አፏን አፈናት። ዝም አለ ሁሉም። ሰውየው ፊቱን ወደ ጅረቱ አዞረ። ጭሱ ገና አልተነሳም። ሳሉ እንደገና ሊመጣ ነው፤ አየር ያጣ ሰው አንድ ጊዜ ስሎ አያቆምም።

ትሕትና አፏን ከፈተችና ሳለች።

በሕይወቷ እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥታ አታውቅም። ወደ ጭሱ ገብታ በደንብ ሳበችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ጉሮሮዋ እስኪላጥ ሳለች። ሁለተኛው ሳል ከማዶ ሲመጣ በእሷ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሦስተኛውም። እንባዋ ወረደ፣ አስታወካት፣ አላቆመችም።

«ውሃ ስጧት» አለ ባለ መነጽሩ በመጨረሻ።

ነፋሱ ወደ ዳገቱ ተመለሰ። ትሕትና ከሰጧት ጠርሙስ ጠጥታ አፏን ጠረገች። እሱ አጠገቧ ቆሞ በመነጽሩ ውስጥ ያያታል።

«ጭስ አይስማማሽም።»

«አይስማማኝም ጋሼ።»

«ጽሑፍሽን ሳነብ ከሰል አክሳይ መስለሽኝ ነበር።»

«ገበያ ላይ ከሚያወሩት እየሰማሁ ነው የጻፍኩት። ብረቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ታሪኩ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ክምሩ አሁን ሙሉ በሙሉ እሳት ሆኗል። ውስጡ ብረት ቢኖር ኖሮ እስከ አሁን ይታይ ነበር። ሰውየው ጥራዟን ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተታት። የተበሳጨ አይመስልም፤ ያዘነ ይመስላል፣ ጥሩ የመሰለው መጽሐፍ መጨረሻው እንደተበላሸበት ሰው።

«የሚቀጥለውን ከማባዛትሽ በፊት እኔ አነበዋለሁ» አላት። «ሰው እልካለሁ። እኔ አርምልሻለሁ።»

ስልኳን አልመለሰላትም። ወደ መንደሩ ሲወርዱ እንድትከተላቸውም አልነገሯትም። ጥቂት ቆይቶ የመኪናው ድምፅ ተሰማ፤ ራቀ፤ ከዛፎቹ ሹክሹክታ ጋር ተቀላቀለ።

ዘውድነሽ ተነሳች። ለቅሶዋን እንደ ነጠላ አውልቃ የጣለችው ይመስል ነበር። አካፋውን አንስታ ለትሕትና ሰጠቻት፣ ራሷ ዶማውን ያዘች። «አፈር አልብሺው። እሳቱ እንዳይሻገር።»

ጎን ለጎን ሆነው አፈር አለበሱት። ሴትየዋ ለጅረቱ ጀርባዋን ሰጥታለች። እየሠራች ጮክ ብላ በአዊኛ ትናገራለች፣ እሳቱን የምትቆጣ ይመስል። ትሕትና ከቃላቱ አንዱንም አልያዘችም። ግን ሰው እሳትን እንዲህ ለስለስ ባለ ድምፅ አይቆጣም።

«አንቺ ነሽ ያመጣሻቸው?» አለች ዘውድነሽ በአማርኛ፣ ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ ይሄን ቦታ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ዘውድነሽ ዶማውን አቆመችና ፊት ለፊቷ ቆመች። ፊቷ በጥላሸት ጠቁሯል። የዶማውን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ጣቶቿ የወርቅአየሁ ጣቶች ነበሩ፣ ያው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር።

«ወርቅአየሁ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ?»

ትሕትና ሁሉንም ልትነግራት ፈለገች። ቦታውን እሱ አልፈለገም ልትላት፤ እኔ ነኝ ያስጨነቅኩት፣ እሱን እንዳትቀየሚው ልትላት። ያን ለማለት ግን አዎ ማለት ያስፈልጋል። አዎ የሚል ሰው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቀውም አዎ ይላል፤ የዘውድነሽ ዓይኖች የሚፈትኑት ይህንኑ ነበር።

«አላውቀውም» አለች።

«ሽመክት የሚባልስ?»

«አላውቅም እማማ። እኔ ጭሱ ነው ያሳለኝ።»

ሴትየዋ ይቅር ያለቻት አይመስልም። አካፋውን ተቀበለቻት።

«እንግዲያው ሂጂ። ስትወርጂ አትዙሪ።»

ትሕትና ወረደች። ኮሶው ጋ ሳትደርስ ከኋላዋ ውሃ ሲረገጥ ሰማች፤ ከዚያ አፈር ሲነሳ፣ እርጥብ ሣር ሲገፈፍ። ከዚያ ሳሉ ጀመረ። አሁን የሚያፍነው አልነበረም። ሳንባው ጭስ የጠጣ ሰው ሳል ነበር፤ ረጅም፣ እየተቆራረጠ፣ ዳገቱን ሁሉ የሚሞላ። የእናቱ ድምፅ ዝም እንዲል ይለምነዋል። አይችልም።

መኪናው የት ድረስ እንደሄደ አላወቀችም። መንደሩ ጋ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ትተው ሄደው ሊሆን ይችላል፣ ዛፍ ሥር፣ ጆሮውን አቁሞ። ወደዚያ ነው የምትወርደው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። መሮጥ አማራት፤ አልሮጠችም።

ጉሮሮዋ ቆስሏል፣ ምራቋ ደም ደም ይላል። ትንፋሿን ሰበሰበች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ መሳልም ጀመረች። ጮክ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ ሳትዞር፣ አስፋልቱ እስኪታያት ድረስ እየሳለች ወረደች።